የአርባ ስምንት ዓመት አደራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ በዓል ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናቀርብ በተፈቀደልን ጊዜ፥ ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ ተመካከርን። ከመካከላችን ስለ ሳይንስ ይሁን ያለ ነበር፤ ስለ እርሻ ይሁን ያለም ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ስለ አንድ የጅምናስቲክ አስተማሪ ለመናገር ነው። እኒህ አስተማሪ ጃፓናዊው ካዙኦ ኦኖ ናቸው። አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ውስጥ ያሳለፉ፥ ስማቸው በዓለም መድረክ ላይ የተጠራው ግን ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የሆነ ሰው ናቸው።

እርሳቸውን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን የምንወጣ ሁሉ በቤትም በደጅም የምንጠየቀው «ምን ልትሆኑ ነው?» ተብለን ነው። ሒሳብና ፊዚክስ የሚወድ ተማሪ ለዚህ መልስ አያጣም። ቴአትርና ውዝዋዜ የሚወድ ግን ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አስቀድሞ ያውቀዋልና። ይኸውም «ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚለው ነው። ይህ የክፋት ጥያቄ አይደለም። ወላጆቻችን የሚጠይቁን ስለሚወዱን፥ ለእኛም ብዙ ስለ ደከሙ ነው። ስለዚህ በፈገግታ ልናልፈው አይገባንም። የአንድን ሰው ሙሉ ሕይወት በፊታችን አስቀምጠን ብንመረምረው ይሻላል ብለን አሰብን።

በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ካዙኦ ኦኖ የተወለዱት በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ፥ ሃኮዳቴ በምትባል የወደብ ከተማ፥ ኦክቶበር 27 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። አባታቸው የዓሣ አጥማጆች አለቃ ሲሆኑ፥ በዓሣ ሥራ ምክንያት እስከ ሩሲያ ምድር ይዘልቁ ስለ ነበር የሩሲያን ቋንቋ ይናገሩ ነበር። እናታቸውም ኦርጋን የሚጫወቱ፥ የአውሮፓን ምግብ አሠራር የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ግን በመጀመሪያ የታወቁት በሩጫ ነው። በአኪታ አውራጃ ተማሪ ሳሉ በ400 ሜትር ሩጫ የአውራጃውን ክብረ ወሰን ይዘው ነበር። በ1926 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ሄደው የጅምናስቲክ አስተማሪዎች በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ገቡ። እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው የማንኛውም ብርቱ የስፖርት ተማሪ ታሪክ ነው።

በ1929 ዓ.ም. ግን አንድ ነገር ሆነ። አንቶኒያ ሜርሴ የምትባል የእስፓኝ ዳንሰኛ ወደ ቶኪዮ መጣች። ቤተ ሰቧ እስፓኛዊ ቢሆንም የተወለደችው በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቡዌኖስ አይሬስ ስለ ነበር፥ በመድረክ ስሟ «ላ አርኼንቲና» ትባል ነበር። ተማሪው ኦኖ በኢምፔሪያል ቴአትር፥ ከመድረኩ ርቀው ከሦስተኛው ፎቅ ተቀምጠው አዩአት። በጣቶቿ ላይ ያሠረቻቸውን ትንንሽ እንጨቶች እያጋጨች፥ ክንዷን እያነሣችና እያወረደች ስትወዛወዝ ከሩቅ ተመለከቱ። አላነጋገሯትም፤ እርሷም በዚያ ፎቅ ላይ እንደዚህ ያለ ተማሪ መኖሩን አላወቀችም። እርሷ በ1936 ዓ.ም. ጁላይ 18 ቀን፥ የእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት በፈነዳበት ጊዜ፥ በፈረንሳይ አገር በባዮን አጠገብ አረፈች። ያ ምሽት ግን በተማሪው ልብ ውስጥ እንደ አደራ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንጠይቅ ይገባናል። ጃፓን የራሷ የሆነ የቆየ የመድረክ ጥበብ ያላት አገር ስትሆን፥ አንድ ጃፓናዊ ወጣት በእስፓኝ ውዝዋዜ ልቡ የተነካው ስለ ምን ነው? ይህን ለመረዳት ከጃፓን ጥበቦች ሁለቱን ባጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ኖ ይባላል። በ14ኛው መቶ ዘመን ካናሚ የተባለ ተዋናይና ልጁ ዜኣሚ ያሳደጉት ጥበብ ነው። የኖ ተዋናይ በመድረክ ላይ ሲራመድ ተረከዙን ከወለሉ አያነሣም፤ እግሩን እያንሸራተተ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ወለሉ የለሰለሰ እንጨት ነው፤ ከበታቹም የሸክላ ጋኖች ይቀመጣሉ፤ ተዋናዩ እግሩን ሲመታ ድምፁ እንዲያስተጋባ ነው። ዋናው ተዋናይ ብዙ ጊዜ ከእንጨት የተቀረጸ ጭምብል ያደርጋል። ጭምብሉን በጥቂቱ ወደ ታች ሲያዘነብለው ያዘነ፥ ቀና ሲያደርገው ደስ ያለው ይመስላል። በአገራችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ በኖ መድረክ ላይም አንዲት እርምጃ በሚገባ እስክትጠና ድረስ ዓመታት ይፈጃል።

ሁለተኛው ካቡኪ ነው። ካቡኪን በ1603 ዓ.ም. ግድም በኪዮቶ ከተማ የጀመረችው ኦኩኒ የምትባል ሴት እንደ ሆነች ይነገራል። ይሁን እንጂ መንግሥት በ1629 ዓ.ም. ሴቶች መድረክ ላይ እንዳይወጡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በካቡኪ የሴትን ቦታ ይዘው የሚጫወቱት ወንዶች ሆኑ፤ ይህም ራሱን የቻለ ትልቅ ሙያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። በኖም ቢሆን አንድ ሽማግሌ ተዋናይ የወጣት ሴት ጭምብል አድርጎ ቢወጣ የሚደነቅ እንጂ የሚሳቅበት አይደለም። ይህን ነገር በልባችሁ እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እነዚህ ሁለት ጥበቦች ግን በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ በቤተ ሰብ የሚተላለፉ ነበሩ። ለአንድ የሰሜን ዓሣ አጥማጅ ልጅ በሩ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ኦኖ ወደ መድረክ የገቡት በሌላ በር፥ ይኸውም በትምህርት ቤት በር ነው።

ከኮሌጅ እንደ ወጡ ዮኮሃማ ከተማ በሚገኘው ካንቶ ጋኩይን በተባለው የክርስቲያን ትምህርት ቤት የጅምናስቲክ አስተማሪ ሆኑ። በዚያም ክርስትናን ተቀብለው ተጠመቁ። ቀጥሎም የባፕቲስት ሚሲዮናውያን በ1886 ዓ.ም. ወዳቋቋሙት ወደ ሶሺን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ለሴት ተማሪዎች ዳንስም ማስተማር ስለሚገባ፥ የማያውቁትን ከማስተማር ይልቅ ራሳቸው ተማሪ መሆንን መረጡ። በ1933 ዓ.ም. በጃፓን የአዲሱ ዳንስ ቀዳሚ ከሆነው ከባኩ ኢሺ ዘንድ፥ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ከታካያ ኤጉቺና ከሚሳኮ ሚያ ዘንድ ተማሩ። እነዚህ ሁለቱ ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው ከታወቀችው ዳንሰኛ ከማሪ ቪግማን የተማሩ ነበሩ። የቪግማን ዳንስ ለዓይን ማማር ብቻ የሚደረግ አልነበረም፤ የሰውን ኀዘንና ፍርሃት፥ የውስጡን ትግል በሰውነት መግለጽ ነበር ዓላማው።

እንግዲህ መምህራኖቻችን ሆይ፥ ይህን ልብ በሉልን። አንድ የጅምናስቲክ አስተማሪ ተማሪዎቹን ይበልጥ ለማስተማር ሲል ከሥራ በኋላ ደብተር ይዞ ወደ ሌላ አስተማሪ ሄደ። ኦኖን አርቲስት ያደረጋቸው መጀመሪያ ዝና መፈለግ አልነበረም፤ የማስተማር ኃላፊነት ነበር።

ነገር ግን ሰው መንገዱን ሲጀምር ዘመኑ መንገዱን ይቆርጠዋል። በ1938 ዓ.ም. ኦኖ ለጦር አገልግሎት ተጠሩ። በቻይና፥ በኋላም በኒው ጊኒ ደሴት በመኮንንነት አገለገሉ። ምርኮኛ ሆነው የቆዩበት ጊዜ ተጨምሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከአገራቸውና ከሥራቸው ተለዩ። በኒው ጊኒ ዱር ውስጥ ከጥይት ይልቅ ረሃብና በሽታ ብዙ ሰው ገደለ። በ1946 ዓ.ም. ወደ አገር ሲመለሱም በመርከቡ ላይ የታመሙት እየሞቱ ወደ ባሕር ይጣሉ ነበር። ያ ባሕር፥ በላዩም እንደ አረፋ የሚንሳፈፉት አጥንት የሌላቸው የባሕር ፍጥረቶች ከልባቸው አልጠፉም። ከጊዜ በኋላ ስለ እነዚያ ፍጥረቶች አንድ ዳንስ ሠርተዋል፤ በእርሱም የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ያስቡ ነበር።

ስለ ጦርነት ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል። የኦኖ ሐሳብ ግን የተጻፈው በሰውነታቸው ላይ ነው። ያ ሰውነት በተማሪነት ሮጧል፤ በመምህርነት ልጆችን አሠልጥኗል፤ በወታደርነት መሣሪያ ተሸክሟል፤ ተርቧል፤ ታሟል። ሰውነት ያየውን ሁሉ እንደሚያስታውስ፥ ሰውም በቃል ሊናገረው ያልቻለውን በእጁና በእግሩ ሊናገረው እንደሚችል ያመኑት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመልሰው ማስተማር ቀጠሉ። በ1949 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ በራሳቸው ስም የመጀመሪያውን የዳንስ ትርኢት አቀረቡ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 43 ዓመት ነበር። ይህ ብዙ ዳንሰኞች መድረኩን የሚሰናበቱበት ዕድሜ ነው፤ እርሳቸው ግን ጀመሩበት።

በዚያን ጊዜ ከአኪታ አውራጃ ወደ ቶኪዮ የመጣ አንድ ወጣት ይህን ትርኢት አይቶ እጅግ ተደነቀ። ስሙ ታትሱሚ ሂጂካታ ነበር፤ የተወለደውም በ1928 ዓ.ም. ነው። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ተዋወቁና አብረው ሠሩ። በሜይ ወር 1959 ዓ.ም. ሂጂካታ ከኦኖ ልጅ ከዮሺቶ ጋር «ኪንጂኪ» የተባለውን አጭር ሥራ በቶኪዮ አሳየ። መድረኩ ጨለማ፥ ነገሩም በአደባባይ የማይነገር ስለ ነበር፥ ከተመልካቾች ብዙዎቹ ተቆጡ። ይሁን እንጂ ዛሬ ቡቶ የሚባለው ጥበብ የተቈጠረው ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነው። ሂጂካታ በመጀመሪያ ያወጣለት ሙሉ ስም «የጨለማ ዳንስ» እንደ ማለት ነው።

ቡቶ ምንድን ነው? የአውሮፓ ባሌት ዳንሰኛ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ ወደ ሰማይ መብረር ይፈልጋል። የቡቶ ዳንሰኛ ግን ጉልበቱን አጥፎ ወደ መሬት ይወርዳል። ሂጂካታ ያደገበት ሰሜናዊው አገር ክረምቱ የጸና፥ ገበሬውም በሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚውልበት ነው። እርሱም ያንን የጎበጠ ሰውነት ከነድካሙ ወደ መድረክ አመጣው። ብዙዎቹ የቡቶ ዳንሰኞች ሰውነታቸውን ነጭ ይቀባሉ፤ እጅግ ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ። ሁለቱ መሥራቾች ግን በአሠራር አንድ አልነበሩም። ሂጂካታ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አስቀድሞ በቃላት ሥዕል ይወስን ነበር። ኦኖ ግን ልብን አዘጋጅቶ፥ ሰውነት ከዚያ በኋላ በነፃነት እንዲከተል ይፈቅዱ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. በዮኮሃማ ካሚሆሺካዋ በተባለ ቀበሌ፥ በኮረብታ ላይ፥ ከእንጨት የተሠራ የመለማመጃ ቤት አቆሙ። ቀን በትምህርት ቤት ይሠራሉ፤ ማታ በዚያ ቤት ያስተምራሉ። በትምህርት ቤታቸው ከመምህርነት በኋላ የማሞቂያውን ክፍል እየጠበቁ፥ ግቢውን እየተንከባከቡ እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ሠርተዋል። በገናም ሲደርስ የገና አባት ልብስ ለብሰው ሕፃናቱን ያስደስቱ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ክብራቸውን የሚቀንስ መስሎ አልታያቸውም።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ኦኖ በሕዝብ ፊት የራሳቸውን ትርኢት አላቀረቡም። ከአንድ የፊልም ሠሪ ጋር ሆነው ሦስት ፊልሞች ሠሩ፤ መድረኩ ግን ባዶ ሆኖ ቆየ። ዕድሜያቸው ሰባ ደረሰ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው «እኒህ ሽማግሌ አበቃላቸው» ቢል የሚከራከረው ባልተገኘም ነበር።

ነገር ግን በ1976 ዓ.ም. ኦኖ በቶኪዮ ወደ አንድ የሥዕል ትርኢት ገቡ። ናትሱዩኪ ናካኒሺ የተባለው ሠዓሊ የሠራውን ሥዕል ሲመለከቱ ቆመው ቀሩ። በሥዕሉ ላይ የሰው መልክ አልነበረም፤ የተጠማዘዙ መስመሮች ብቻ ነበሩ። እርሳቸው ግን በእነዚያ መስመሮች ውስጥ በ1929 ዓ.ም. ያዩአትን ዳንሰኛ አዩ። ያ ሁሉ ዓመት በልባቸው የኖረው አደራ ተነሣ። ሂጂካታን በአዘጋጅነት ይዘው ሥራ ጀመሩ። በኖቬምበር 1 ቀን 1977 ዓ.ም. «ላ አርኼንቲናን ማመስገን» የተባለውን ትርኢት በቶኪዮ አቀረቡ። ከዚያ የተማሪነት ምሽት እስከዚህ ምሽት አርባ ስምንት ዓመት አልፏል፤ ዕድሜያቸውም 71 ነበር።

ትርኢቱ እንደዚህ ነበር። ኦኖ ከመጋረጃ በስተጀርባ አልወጡም፤ ከተመልካቹ መካከል ከተቀመጡበት ወንበር ተነሡ። ያረጀ የሴት ቀሚስ ለብሰው፥ ባርኔጣ ደፍተው፥ ፊታቸውን ነጭ ተቀብተው ቀስ እያሉ ወደ መድረኩ ተራመዱ። ይህ መልክ ዣን ዠኔ የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ ካሰበው፥ ኅብረተሰቡ ከጣለው ሰው የተወሰደ ነው። ያ የተጣለ ሰው በሰው ፊት ይሞታል፤ ከሞቱም ወጣት ልጃገረድ ሆኖ እንደ ገና ይወለዳል። ቀጥሎ ቀሚሱ ሁሉ ቀርቶ፥ ሽማግሌው በቁምጣ ብቻ፥ የጎድን አጥንታቸው እየታየ፥ ያለ ምንም ጌጥ ይቆማሉ። ይህ ክፍል ስሙ «የዕለት እንጀራ» ነው። በመጨረሻም በታንጎ ሙዚቃ እርሷን፥ ላ አርኼንቲናን፥ በሽማግሌ ሰውነት ውስጥ መልሰው ያመጧታል። የጃፓን የዳንስ ሐያስያን ማኅበር ለዚህ ሥራ ሽልማቱን ሰጣቸው።

አሁን ቀደም ብለን በልባችሁ ያዙልን ወዳልነው እንመለስ። ከወላጆቻችን መካከል «አንድ ሽማግሌ የሴት ልብስ ለብሶ መውጣቱ ምን ያስደንቃል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጃፓን ግን ከ300 ዓመት በላይ ወንዶች የሴትን ነፍስ በመድረክ ላይ በጥንቃቄ ሲያሳዩ ኖረዋል። ኦኖ ከኖ ወይም ከካቡኪ ቤተ ሰብ አልተወለዱም፤ የተማሩትም ከጀርመን የመጣውን አዲስ ዳንስ ነው። ሕዝቡ ግን በዚያ ጥበብ የሠለጠነ ዓይን ነበረው። ዝግ ያለውን እርምጃ መታገሥ፥ ከሽማግሌው ፊት በስተጀርባ ወጣቷን ማየት ያውቅ ነበር። ደግሞም ኦኖ የሚያሾፉ አልነበሩም። ለአንዲት ለሞተች ሴት፥ ስለ ሰጠቻቸው ስጦታ፥ ባላቸው ብቸኛ ንብረት በሰውነታቸው ምስጋና አቀረቡ።

በ1980 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማ ይደረግ በነበረው ዓለም አቀፍ የቴአትር በዓል ላይ እንዲገኙ ተጠሩ። ከጃፓን ውጪ ራሳቸውን ሲያሳዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ዕድሜያቸውም 73 ነበር። የዳንስ ሳይሆን የቴአትር በዓል መሆኑን ልብ በሉ። በአውሮፓም የቴአትር ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በቃል ብቻ የሚነገር ቴአትር አልበቃ ብሏቸው፥ በሰውነት የሚነገር ቴአትር ይፈልጉ ነበር። በፓሪስ የዣክ ኮፖ ተማሪዎች በ1924 ዓ.ም. አንድ የኖ ድርሰት አጥንተው ነበር። በዚያችው ከተማ ዣክ ለኮክ በ1956 ዓ.ም. ተዋንያን በጭምብልና በእንቅስቃሴ የሚሠለጥኑበትን ትምህርት ቤት ከፈተ። በፖሎኝም ዬዢ ግሮቶቭስኪ ጌጡንና ዕቃውን ሁሉ ከመድረክ አውጥቶ ተዋናዩን ብቻውን አስቀረው። እንግዲህ የጀርመን ዳንስ ወደ ጃፓን ሄደ፤ የጃፓን ቴአትር ወደ ፓሪስ መጣ፤ ከእስፓኛውያን የተወለደች ሴት የተከለችውም ዘር በዮኮሃማ በቅሎ በናንሲ ታየ። እውቀት ድንበር አያግደውም የሚባለው በእውነት እንዲህ ሲሆን ነው።

ከናንሲ በኋላ ኦኖ በብዙ አገሮች ዞሩ። በ1981 ዓ.ም. ስለ እናታቸው፥ በ1985 ዓ.ም. ከልጃቸው ከዮሺቶ ጋር ስለ ሙት ባሕር የሚናገሩ ሥራዎች አሳዩ። ሂጂካታ በ1986 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ቢለይም እርሳቸው አላቆሙም። በ1999 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በቆሙ ጊዜ 93 ዓመታቸው ነበር። ከዚያም እግራቸው መቆም ተሳነው። በወንበር ተቀምጠው በእጆቻቸው ብቻ ዳንሱ። ከሩጫ የጀመረው ሰውነት በመጨረሻ በጣቶች ጫፍ ላይ ቀረ፤ ጣቶቹም የሚበቁ ሆኑ። ጁን 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በ103 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ዮሺቶ እስከ ሞቱበት እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ ትምህርቱን አስተላለፉ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ታካኦ ካዋጉቺ የተባለ ዳንሰኛ የኦኖን እንቅስቃሴ ከፊልም ላይ አንድ በአንድ አጥንቶ በመድረክ አሳየ። አደራው ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ ማለት ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ፤

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ዳንስ ለካዙኦ ኦኖ እንጀራ ሆነላቸው ወይ? እውነቱን እንናገር ብንል ለአብዛኛው ዕድሜያቸው አልሆነላቸውም። ቤታቸውን ያቆመው፥ ልጆቻቸውንም ያሳደገው የትምህርት ቤቱ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የእናንተ ጥያቄ ሐሰት አይደለም፤ እኛም ጥበብን የሚወድ ሁሉ በጥበቡ ይበላል ብለን ልንሸነግላችሁ አንፈልግም። ነገር ግን እኒሁ ሰው በ71 ዓመታቸው የገዛ ሰውነታቸውን በቁምጣ ብቻ ሲያሳዩ፥ ለዚያ ክፍል የሰጡት ስም «የዕለት እንጀራ» ነበር። በትምህርት ቤት የሠሩት እንጀራ ለቤታቸው ነበረ፤ ይህኛው ደግሞ ለነፍሳቸው ነበረ። ሁለቱም በአንድ ሰው ቤት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ሕይወታቸው ይመሰክራል። የምንለምናችሁም ይህን ነው፤ ልጃችሁ ሙያ እንዲይዝ ስትመክሩ፥ ሁለተኛውን እንጀራ ከእጁ አትንጠቁት።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፤

የፈተና ጊዜ ሲቀርብ በየትምህርት ቤቱ ፈጥኖ የሚታጠፈው የጅምናስቲክና የቴአትር ሰዓት ነው። ሒሳቡ ይቅር አንልም። ነገር ግን ልጅ በሰውነቱ የሚማረው ትምህርት ፍሬውን በሰኔ አይሰጥም። ምናልባት ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ ይሰጥ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚቈጥረው የፈተና ወረቀት አይኖርም፤ ዘሩን የዘራው መምህር ግን ደክሞ የቀረ አይደለም። ስለዚህ ያችን ሰዓት እንድትጠብቁልን እንለምናለን። እኛ የምንወጣ ነን፤ የምንለምነው ከኋላችን ለሚመጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፤

ከመካከላችን በዚህ ዓመት መንገዱ የሚቃናለት ይኖራል፤ የሚዘጋበትም ይኖራል። ውጤቱ ባሰበው ቦታ የማያደርሰው ጓደኛችን በ18 ዓመቱ አበቃልኝ እንዳይል እንመክረዋለን። ኦኖ በ18 ዓመታቸው ገና ያችን ዳንሰኛ እንኳ አላዩም ነበር። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል። መቆየት ሲባል ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። እኒህ መምህር በቆዩበት ዘመን ሁሉ ተማሩ፤ አስተማሩ፤ ጠረጉ፤ ማሞቂያውን አነደዱ፤ ማታ ደግሞ በኮረብታው ላይ ባለው ቤት ሰውነታቸውን አሠለጠኑ። አደራው በተጠየቀ ጊዜ ዝግጁ ሆነው የተገኙት ስለዚህ ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን፤ መምህራኖቻችንንና ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን፤ እኛንም የተሰጠንን አደራ የማንረሳ ያድርገን።